ያልተነበበው መጨረሻ

ፀጉር ሠሪዋ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስትሠራ ትውልና ማታ እግሯ አልታዘዝ ይላታል። አባቷ ግን ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ፣ ከራት በኋላ መጽሐፍ ካልተነበበላቸው እንቅልፍ አይወስዳቸውም። ያን ሰሞን የያዙት ጡብ የሚያህል የጥንት ልብ ወለድ ነው፤ ልጁን ከቤት ያባረረ የአንድ ግትር አባት ታሪክ።

አባቷ መጽሐፉን ያለነገር አልወደዱትም። እሳቸውም ወንድ ልጃቸውን፣ ሳታማክረኝ አገባህ ብለው ካባረሩት ከርመዋል። ናፍቆቱ ሊገድላቸው ነው፤ ኩራታቸው ግን አላስንቀሳቅስ አላቸው።

“ይኼ ሰውዬ የሚያደርገውን አይቼ ነው” ይሉ ነበር እየሳቁ። “እሱ ከሄደ እኔም እሄዳለሁ።”

ወንድሟ ደግሞ በስልክ፣ “አባባ አንዴ ደጄን ይርገጡ እንጂ እግራቸው ላይ ነው የምወድቀው” ብሏታል። ይህን ስትነግራቸው፣ “ማን አስታርቂኝ አለሽ?” ብለው ተቆጧት።

እንግዲህ ስንፍና ክፉ ነው። አንዲት ደንበኛዋ ካስክ ውስጥ ተቀምጣ ፀጉሯ እስኪደርቅ፣ እሷ የመጽሐፉን ፊልም በስልኳ አየችው። ታሪኩ ያው አይደል እንዴ፣ ምን ልዩነት አለው ብላ ራሷን አታለለች። ማታ መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ ገጹን እየገለጠች፣ የምታነብ መስላ ፊልሙን አወራችላቸው። በፊልሙ መጨረሻ ልጁ ዝናብ እየደበደበው ይመጣል፤ አባትየው ከወንበሩ ሳይነሳ እጁን ይዘረጋል፤ አለቀ።

“በራሱ ጊዜ መጣ?” አሉ አባቷ።

“በገዛ እግሩ መጣ።”

“እንግዲያው የኔም ይመጣል” አሉና ተረጋግተው ተኙ። እሷም ለጥ አለች።

ወራት አለፉ፤ በራቸውን ያንኳኳ የለም። አባቷ ኮሽ ባለ ቁጥር ጆሯቸውን ወደ በሩ ይጥላሉ። ወንድሟም መጠበቅ ታከተውና ስልኳን ማንሳት ተወ።

አንድ እሑድ መደርደሪያውን ስትወለውል መጽሐፉን አነሳችና የመጨረሻውን ምዕራፍ ገለጠች። ክው አለች። እዚያ ላይ ዝናብም የለ፣ የሚመጣ ልጅም የለ። ሽማግሌው ከዘራውን ይዞ ራሱ ይሄዳል፤ የልጁን በር ራሱ ያንኳኳል። ፊልም ሠሪዎቹ ለምን እንደለወጡት እነሱ ይወቁት፤ ምናልባት በዝናብ የሚመጣ ልጅ ለዓይን ያምር ይሆናል። እሷ ግን የአባቷን እግር አስራ ነው ያስቀመጠችው፤ ይህን ስታስብ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

“አባባ፣ ዋሽቼዎታለሁ” አለች። ከዚያም መጨረሻውን አንድም ቃል ሳትዘል አነበበችላቸው።

ቢቆጧት ይሻላት ነበር። እሳቸው ግን፣ “ጫማዬን አቀብዪኝ” ብቻ አሉ።

ክንዷን ተደግፈው የልጃቸውን ፎቅ ደረጃ ወጡ፤ በሩንም በገዛ እጃቸው አንኳኩ። የማያውቋት ሴት ከፈተች።

“እነሱማ ለቀው ሄደዋል። የት እንደሄዱ ለማንም አልተናገሩም።”

ሲመለሱ አባቷ ደረጃው መሀል ላይ ቆም አሉ።

“መጽሐፉ ላይ ግን ልጁ ከፈተለት፣ አይደል?”

“አዎ አባባ፣ ከፈተለት” አለች። መጽሐፉ በእርግጥም እንደዚያ ነበር የሚለው።