ከበርሜል ውስጥ የተኮስኩት ቶርፔዶ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እንጨቴን አሁንም ራሴ እፈልጣለሁ። ዛሬ ደግሞ በርሜል ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚተኮስ ቶርፔዶ ሠራሁ።

በጃንሆይ ጊዜ ምጽዋ ባሕረኛ ሳለሁ፣ ለጉብኝት የመጣ ሰርጓጅ መርከብ ውስጥ ገብቻለሁ፤ ከባሕር በታች ሆኖ መርከብ የሚያሰምጠውን ቶርፔዶ እንዴት እንደሚተኩስም አይቻለሁ። ጎረቤቴ በቀለ ግን «በሩን ከፍቶ ሲተኩስ ውሃው አይገባም? አንተ ሽማግሌ፣ ይህን ውሸት ይዘህ ልትሞት ነው» ሲለኝ ኖረ።

ዛሬ ከቡሌ በመጣ ቀርከሃ ቱቦ ሠርቼ፣ በርሜሉ ውስጥ ነክሬ አሳየሁት። ቱቦው ሁለት በር አለው፤ የውስጡ ሳይዘጋ የውጪው አይከፈትም። ቱቦው ውሃ ይሞላል፤ የታመቀ አየር ቶርፔዶውን ገፍቶ ያስወጣዋል፤ ከዚያ በራሱ ሞተር ይሄዳል። (የእኔው የበቆሎ ቆረቆንዳ ነው፣ ሞተር የለውም።)

ከቱቦው ጋር ያያያዝኩትን የብስክሌት መንፊያ ስጫን ቆረቆንዳው ከውሃው ወጥቶ የበቀለን ባርኔጣ ጭቃ ላይ ጣለው።

«እሺ፣ መርከቡ ውስጥ ገብተሃል» አለኝ።

ባርኔጣውን ራሴ አጥብለታለሁ። ባለቤቴ ነፍሷን ይማረውና ምንም ሳላሳያት ነበር ያመነችኝ። ነገ መቃብሯ ድረስ በእግሬ ሄጄ አመሰግናታለሁ።

እናንተንስ ሳያይ ያመናችሁ ማን ነበር?