ጉርሻውን ቁርባን አሉት

በፎገራ ሜዳ አንዲት ሴት ከልጆቿ መቃብር ተከልክላ ከደብሩ ቅጥር ውጭ ተቀብራለች። የከለከሏት «በካቶሊክ እጅ ቆርባለች» ብለው ነው። አልቆረበችም። ያበላኋት እኔ ነኝ፤ ያበላኋትም ቂጣ ነው። ይህ ግፍ ነው፤ ከኔ ጋር እንዳይቀበር ብዬ ጻፍሁት። ትምህርቴ እስከ ሦስተኛ ክፍል ቢሆንም ያየሁትን ለመጻፍ ይበቃኛል።

አባቴ ግንበኛ ነበር። በንጉሡ ዘመን ለመንገድ ሥራ ተቀጥሮ ከሰሜን፣ ካቶሊክ ከሚበዛበት አገር መጣና ወረታ ላይ ቤት ሠርቶ ቀረ። ያን ጊዜ ወረታ ማለት መንገዱ፣ ገበያውና ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች ናቸው። እንደኛ ካቶሊክ የነበሩት አራት ቤተ ሰብ ብቻ፣ ሁሉም በሥራ የመጡ። የምንጸልየው አባቴ በገነባው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ካህናችን በወር አንድ ጊዜ ከጎንደር በጭነት መኪና፣ በጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ይመጣሉ። መኪናው ከቀረ እሳቸውም ይቀራሉ።

እኔ የተወለድሁት እዚያው ወረታ ነው፤ ሌላ አገር አላውቅም። ወንዝ ስንወርድ ግን ልጃገረዶቹ «አንች ከታች ቅጅ» ይሉኝ ነበር። ከላያቸው ከቀዳሁ ውኃው ይረክስባቸዋል። ስመጣ ሲያዩኝ «ሁለት ባሕርይ መጣች! ሁለት ባሕርይ!» ይላሉ። ሁለት ባሕርይ ምን እንደሆነ እኔም አላውቅ፣ እነሱም አያውቁ። አንድ ቀን አንዷን «ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

አሰበች፣ አሰበችና «ሁለት ሆድ ያላት ማለት ነው» አለችኝ።

«ታዲያ እኔ አንዱም መቼ ሞልቶልኝ ያውቃል?»

ሳቀች። አብረን ሳቅን። በማግሥቱ ግን እንደ ልማዷ «ከታች ቅጅ» አለችኝ።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ካህናችን ወጣቶቹን ሰበሰቡን። ስድስት ነን። «እምነት በአፍ ብቻ አይሆንም። እያንዳንዳችሁ አንድ ሕመምተኛ ያዙ። ሳትሰብኩ አገልግሉ» አሉን። እኔ ያን ጊዜ ልቤ በእምነት የተቃጠለ ነበር፤ መቁጠሪያዬን ከአንገቴ አላወልቅም፤ ለእግዚአብሔር አንድ ከባድ ነገር ልሥራለት እያልሁ እመኝ ነበር። «ሳትሰብኩ» ያሉትንም ቃል እንደ ትእዛዝ ያዝሁት።

ለኔ የደረሰችኝ ጓያ የሰበራት ሴት ናት። ጓያ ውኃው ከሜዳው ሲሸሽ በጭቃው ላይ የሚዘራ እህል ነው፤ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ አይጠፋም። በክፉ ዓመት ጓያ ብቻ ሲበላ የከረመ ሰው ግን አንድ ቀን ጠዋት ልነሣ ሲል ጉልበቱ አልታዘዝ ይለዋል። አገሬው «የቅቅሉ እንፋሎት ነው የሚሰብረው፣ በማሳው መካከል ማለፍ ነው የሚሰብረው» ይላል። ሴትዮዋም ማሳው መካከል ማለፏን እንጂ መብላቷን አትወቅስም ነበር። ባሏ ሞቷል። ሁለት ልጆቿ በንዳድ አልቀው ደብሩ ቅጥር ውስጥ ተቀብረዋል። እሷ በባሏ ወንድም ማሳ ጫፍ፣ በአንዲት ጎጆ፣ በእጇ እየተሳበች ትኖር ነበር።

መጀመሪያ ቀን በሯ ላይ ስቆም «የማን ልጅ ነሽ?» አለችኝ።

«የግንበኛው።»

«የሮማዎቹ? ልትሰብኪኝ ነው?»

«አይደለም እማማ። ውኃ ልቅዳልዎ?»

«ከላይ ነው ከታች የምትቀጅው?» አለችና በሳቅ ተንፈራፈረች። ወሬው እሷም ዘንድ ደርሷል። «ደስ ካለሽ ቦታ ቅጅ። እኔ ውኃ የምጠጣው ሲጠማኝ ነው።»

ክረምቱ ሲገባ ሌሎቹ አምስቱ አንድ በአንድ ቀሩ። አንዱ ጭቃውን አለ፣ አንዷ እናቷን አለች። አልፈርድባቸውም። በክረምት ፎገራ ባሕር እንጂ ሜዳ አይደለም። ወንዞቹ፣ ርብና ጉማራ፣ ሞልተው ሲወጡ ጣና ራሱ ተነሥቶ የመጣ ይመስላል። ከብቱም ሰዉም ወደ ከፍታው ይሸሻል። እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ጥልቀቱን በበትር እየለካሁ፣ ስንቁን በራሴ ተሸክሜ እሄድ ነበር። ከወረታ እሷ ቤት እስክደርስ አንድ ሰው የማላገኝበት ቀን ብዙ ነው። የሰው ድምፅ ሲናፍቀኝ መቁጠሪያዬን ጮክ ብዬ እደግም ነበር፤ የሚሰማኝ የራሴው ድምፅ ነው፣ እሱም በውኃው ላይ ርቆ ይሄድና አይመለስም። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ወግ ያወጋሁት ከሷ ጋር ብቻ ነው።

እንጀራ በዚያ እርጥበት ስለሚሻግት እናቴ የስንዴ ቂጣ ትሰጠኝ ነበር። ሴትዮዋ ደግሞ ጾም አትገድፍም። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ፍልሰታም፣ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አትቀምስም። ቂጣውን በጨርቅ ሸፍነን የበሩን ጥላ እያየን እንቀመጣለን። ደመና ሲሆን ጥላው ይጠፋል።

«ዛሬ በምን እናውቃለን እማማ?»

«ሆዴ ያውቃል። ግን ሆድ ውሸታም ነው፤ ትንሽ እንጨምርበት።»

አንድ ቀን መቁጠሪያዬን አይታ «የምትለምኛት ማርያምን ነው?» አለችኝ።

«አዎን።»

«የኔዋን ማርያም?»

«ሌላ አለች እንዴ?»

«ታዲያ ምን ያጣላናል?»

«እንጃ። አባ ናቸው የሚያውቁት።»

«የናንተው አባ ወይስ የኛው?»

«ሁለቱም።»

«እንግዲያው እነሱ ይጣሉ። አንች ውኃውን አፍይልኝ።»

የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሞት ከልጆቼ ጎን ያድርጉኝ» አለችኝ። «እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» ብላት «አፍ አለሽ፤ አፍሽን አውቀዋለሁ» አለች። ቃል ገባሁላት።

በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ንዳድ ያዛት። እጇን ማንሣት አቃታት። አንድ ከሰዓት፣ ጾሟ ሲፈታ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ማዕዱን በአቡነ ዘበሰማያት ባረክሁ። ቂጣውን ቆርሼ፣ በውኃ አርሼ፣ አጎረስኋት። ቀና ስል የባሏ ወንድም ሚስት በር ላይ ቆማለች። እሳት ልትጭር ነው የመጣችው። አየችን፤ ፍሙን ሳትወስድ ተመለሰች።

ያየችው ይህን ነው፦ የተከናነበች የካቶሊክ ልጅ፣ የግእዝ ጸሎት፣ ያልቦካ ነጭ ቂጣ፣ ከእጅ ወደ አፍ። «ካቶሊክ የሚቆርበው ባልቦካ ቂጣ ነው» ሲባል ሰምታ አድጋለች። ጉርሻ ነበር። በኛ አገር ጉርሻ የማያውቅ ሰው የት አለ? ያጎረስሁት እኔ ስለሆንሁ ግን ጉርሻው ቁርባን ሆነ።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ስንቄን ይዤ ስደርስ የባሏ ወንድም ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ አላየኝም። «ሞታለች። የንስሐ አባቷ ግን በቅጥሬ አትገባም ብለዋል» አለኝ።

ወደ ደብሩ ሮጥሁ። የንስሐ አባቷ፣ የደብሩ ቄስ፣ ከሽማግሌዎች ጋር ከደጀ ሰላሙ ፊት ቆመዋል።

«አባ፣ ምን አደረገች?»

«አቁርበሻታል።»

«እኔ? ሴት ስትቀድስ የት አይተዋል?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሊስቅ ብሎ አፉን በነጠላው ያዘ። ቄሱ አልሳቁም።

«ከቄሳችሁ ተቀብለሽ አምጥተሻል።»

«እናቴ የጋገረችው ቂጣ ነው! ይጠይቋት።»

«የሮማ ምስክር አልጠይቅም።»

«እንግዲያው ጾሟን ይጠይቁ። አንድ ዓርብ አልገደፈችም፤ አብሬያት የጠበቅሁ እኔ ነኝ።»

«ሂጅ አንች ልጅ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ያን ሳምንት ካህናችን ወረታ ነበሩ። እሳቸው መጥተው «አላቆረብናትም» ቢሉ ነገሩ ያልቃል ብዬ ጭቃዬን ሳልታጠብ ጸሎት ቤት ገባሁ። ነገርኋቸው። እጃቸውን አጣምረው ሰሙኝና «እንግዲህ እኛ ዘንድ ትቀበር። እግዚአብሔር የሰጠን ነፍስ ናት» አሉ።

«አልሰጠንም አባ። የነሱ ናት።»

«ሁለት ዓመት ከእጅሽ በልታለች። በልቧ የኛ ሆና ይሆናል።»

«የበላችው ርቧት ነው። በልቧ ያሉት ልጆቿ ናቸው። ሳትሰብኩ ብለውን አልነበረም?»

አባቴ «ዝም በይ!» አለኝ። ካህኑ «ይህ ትዕቢት ነው ልጄ» አሉ። ክፉ ሰው ነበሩ አልልም፤ ስንቱን ድሀ አልብሰዋል። ግን ያን ቀን አንድ ቃል ነበራቸው፤ አልተናገሩትም።

ከሰዓት በኋላ የባሏ ወንድምና ሦስት ጎረቤቶች ከቅጥሩ ካብ ውጭ ቆፈሩ። ዕጣን የለ፣ ፍትሐት የለ። ያለ ጸሎት አወረዷት። ከልጆቿ የለያት ያ በእጅ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ብቻ ነው። ከሰዎቹ ርቄ ቆምሁ። አቡነ ዘበሰማያትን ልልላት ከንፈሬ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ ባወጣ ግን «ይኸው፣ የሮማዋ ፈታቻት» ብለው ያጸድቁታል ብዬ አፌን ዘጋሁ። አፍ አለሽ ብላኝ ነበር። ያን ቀን አፌም አልጠቀማት።

ከዚያ በኋላ ወንዝ ዳር «ከታች ቅጅ» የሚለኝ እንኳ ጠፋ፤ ስመጣ እንስራቸውን አንሥተው ይሄዳሉ። በኛ ሰዎችም ዘንድ ካህኑን የተዳፈረች ተብዬ ለብቻዬ እቀመጥ ጀመር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እግሬ ራሱ ይነሣል፤ የምሄድበት የለኝም። ካህናችን ሌላ ሕመምተኛ ሊሰጡኝ ሲሉ «ስትሞት የማን ትሆናለች?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዚያ ወዲያ አልሰጡኝም። እኔም በራሴ ፈልጌ ያገኘሁትን አስታመምሁ፤ ጉርሻ ግን ሰው ፊት ካልሆነ ለማንም አላጎርስም።

አገባሁ፣ ወለድሁ። በየዓመቱ በደብሩ ንግሥ ከካቡ ውጭ፣ እሷ ከተቀበረችበት አጠገብ እቆማለሁ። ሕዝቡ ሲበተን ቄሱን ጠብቄ «አባ፣ ምን አደረገች?» እላለሁ። አንድ ዓመት መስቀላቸውን ዘረጉልኝ፤ ተሳለምሁና ደግሜ ጠየቅሁ። ሌላ ዓመት «ይችን እብድ አርቁልኝ» አሉ። ባሌ ሰልችቶት «ሰው እኮ አበደች ይልሻል» አለኝ። «ይበል። እብድም ቢሆን ለጠየቀ መልስ ይገባዋል» አልሁት።

እንዲህ እያለ ከአሥር ዓመት በላይ ሄደ። አንድ ዓመት ንግሥ ላይ አጣኋቸው። አርጅተው መቀደስ ትተዋል አሉኝ። በሳምንቱ ቤታቸው ሄድሁ። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ማን ነሽ?» አሉ፤ ዓይናቸው ደክሟል።

«የግንበኛው ልጅ ነኝ።»

«አሃ። ጠያቂዋ። ዘንድሮ እኮ ንግሥ አልወጣሁም።»

«አውቃለሁ። ስለዚህ ነው ቤትዎ የመጣሁት።»

የሳቁ መሰለኝ፤ ሳል ነው። በበትራቸው መደቡን መታ መታ አደረጉና «ተቀመጭ» አሉኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከደብሩ ሰዎች ተቀመጭ ያለኝ አልነበረም። ተቀመጥሁ። «አባ፣ ምን አደረገች?» አልኋቸው። 

«ቂጣ እንደ ነበረ አውቃለሁ። ዕለቱን ነው ያወቅሁት። የባሏ ወንድም ሚስት እየማለች ስትነግረኝ፣ ይች ያየችው ጉርሻ ነው አልሁ በልቤ።»

«ታዲያ ለምን አባ?»

በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

«የንስሐ ልጄ ነበረች። እግሯ ከተሰበረ ጀምሮ አንድ ቀን ደጇን አልረገጥሁም። ክረምት ሲሆን ጎርፉ ነው አልሁ፤ በጋ ሲሆን ሥራው ነው አልሁ። አንች ስንቅሽን ተሸክመሽ በዚያ ውኃ ስታልፊ ካቡ ላይ ቆሜ አይሽ ነበር። እና በምን አፌ ልፍታት ልጄ?»