የመውጫ ወረቀት

የወንዶች አዳሪ ትምህርት ቤቱ የጥበቃ ኃላፊ ዛሬ ሙሉ ልብስ ለብሰው በሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፊሽካቸው ከክራቫታቸው በላይ ተንጠልጥሏል፤ አዲሱ ጫማ ስለጠበባቸው ተረከዛቸውን እየደጋገሙ ያወጣሉ።

በአርባ ዓመት ውስጥ ያለ መውጫ ወረቀት ከዚህ በር ያሳለፉት ፍጡር የለም። ዳይሬክተሩ ራሱ፣ ተማሪ ሳለ አጥር ሲዘል እግሩን ይዘው ያወረዱት፣ ምሳ ሊበላ የሚወጣው ለራሱ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ ነው። የመሥራቹ ሐውልት እንኳ ለጥገና ሲወጣ ወረቀት ተጽፎለታል፤ «ምክንያት፦ የአፍንጫ እድሳት» ይላል።

ሰዓታቸውን ቶሎ ቶሎ ሲያዩ ጊዜ፣ «ጋሼ፣ የሚሄዱበት አለ እንዴ?» አልኳቸው።

«የልጄ ሠርግ ነው።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ። ጠያቂው እሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱ የልጅ ሠርግ። ከሥር፣ ፈቃድ ሰጪው በሚለው ቦታ፣ «አልተፈቀደም» ተብሎ ተፈርሟል። ፊርማው የራሳቸው ነው።

«ምን ላድርግ ብለህ ነው» አሉኝ፣ ክራቫታቸውን እያላሉ። «ሠርግ አለብኝ እያለ ስንቱ ዋሽቶኛል መሰለህ።»