በሩ የማይዘጋው ሽንት ቤት

ጭሮ ከተማ ሦስተኛ ክፍል ስማር፣ ጠዋት ውሃ ሳልጠጣ ነበር ከቤት የምወጣው። የትምህርት ቤታችን ሽንት ቤት በሩ አይዘጋም፤ ወንዶቹም ጠጠር ይወረውሩብናል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይዤ እውላለሁ። ቤት ስደርስ ደግሞ ስሜቱ ራሱ ጠፍቷል።

እያደር ሆዴ ደርቆ ተነፋ። ሽንት ቤት ስቀመጥ ያመኛል፤ ስለሚያመኝ መቀመጥ ፈራሁ። ምግብም አስጠላኝ። ለመንግሥት ሥራ ከጎጃም የመጣችው እናቴ ወስፋት ነው ብላ ኮሶ ልታጠጣኝ ተነሳች። ሽታው ብቻ ስለሚያንገሸግሸኝ ሮጬ፣ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛ አክብሮ «አደ» የሚላቸው ጎረቤታችን አደ ፋጡማ ጓሮ ገባሁ። እናቴ ተከትላኝ መጣች።

«ወስፋት ነው፣ አደ ፋጡማ። ይያዙልኝ።»

«ወስፋቱን አይተሽዋል? ሂጂ ሥራሽን ሥሪ፣ ልጅቷን ለኔ ተይ።»

እናቴ ስትሄድ አደ ፋጡማ ፓፓያ እየቆረጡልኝ ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሽንት ቤት ትቀመጫለሽ?»

ስለ በሩ ነገርኳቸው። ይስቃሉ ብዬ ነበር፤ አልሳቁም።

«ቤታችሁ ቀን ቢቆለፍም የኔ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ክፍት አይደል? በረፍት ሰዓት እኔ ሽንት ቤት ነይ። ሲመጣብሽ አትያዢው» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ለብ ያለ ውሃ ያጠጡኛል፣ የተዘፈዘፈ ተልባና ከግቢያቸው የወረደ ፓፓያ ያበሉኛል። ከዚያ ሽንት ቤት አስገብተውኝ ደጁ ላይ በርጩማ ስበው ይቀመጣሉ። «አትቸኩይ፣ እኔ አለሁ» ይሉኛል። አንድ ጠዋት ተሳካልኝ። አደ ፋጡማ በአጥር ላይ እናቴን ተጣሩ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ልጅሽ ቀናት» አሉ። ጫት ተሸክሞ የሚያልፍ ሰውዬ እንኳ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ አለፈ። በኀፍረት ልሞት ነበር፤ ግን ሆዴ ቀሎኝ በዚያ ቀን ሁለት ሳህን ምሳ በላሁ።

አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ከሌሎች ሴቶች ጋር አንድ ክፍል እንተኛለን። ውሃ ይጠፋል፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ምግባችን ዳቦና ሩዝ ይበዛዋል። ስለ ፈተና እናወራለን፤ ስለ ሆዱ ግን ማንም አይናገርም። ሰሞኑን የአልጋ ጎረቤቴ ምሳ ትታ ጥቅልል ብላ ተኛች። አተኛኘቷን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኜ ሆዴ ሲነፋ እኔም እንዲሁ ነበር የምተኛው። አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሽንት ቤት ትቀመጫለሽ?» አልኳት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ «እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ እንዲህ ነኝ» አለችኝ። ፓፓያ ልንገዛ አብረን ወጣን።