ለራስ መመስከር

ከደብረ ወርቅ የወጣሁት ወፍ ሳይንጫጫ ነበር። ቅኔ አስተምረው «በቅቷል» ብለው የመሰከሩልኝ የኔታ እስከ ሚኒባሱ ሸኙኝና «በሰው አገር ስለ ራስህ አታውራ፤ የሚያውቅህ ይናገርልህ» አሉኝ። ቃላቸውን ጠበቅሁ። እዚህ ሊድስ፣ ውርጩ እንደ ጮቄ ባይናደፍም ዝናቡ ክረምትና በጋ በማይለይበት ከተማ፣ የሆስፒታል ወለል ስወለውል ማን እንደ ሆንሁ የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርሁም።

አሁን ግን ኮሌጅ ጠየቀኝ። የመምህርነት ትምህርት ለመግባት ማመልከቻ ጀመርሁ፤ በዕድሜዬ ሌላ ዓመት መጠበቅ አይቻለኝም፤ ማመልከቻው የሚዘጋበትም ቀን ደረሰ፤ እስከ ማታ ብቻ ነው። የቀረኝ «ፐርሰናል ስቴትመንት» የሚሉት ነው፤ ሰው ራሱን በራሱ የሚያመሰግንበት ጽሑፍ። እኔም እንደ ለመድነው «ኃጢአተኛና አላዋቂ፣ ከሁሉ የማንስ» ብዬ ጀመርሁ።

አመልካቾችን የምትረዳው ሚስ ጆይስ አንብባ መነጽሯን አወለቀች።

«ምን ወንጀል ሠርተህ ነው?»

ምንም እንዳልሠራሁ፣ በአገራችን የተማረ ሰው ስለ ራሱ እንዲህ እንደሚጽፍ አስረዳኋት።

«ያልተማረውስ ምን ይጽፋል?»

መልሴን ሳትጠብቅ ሰረዘችውና «ታታሪ፣ ብልህ፣ መሪ» እያለች ደረደረችልኝ፤ በሬ የሚያሻሽጥ ደላላ መሰለችኝ። እጄ እንቢ አለ። ሰዓቱ ሲገፋብኝ ጨንቆኝ ለየኔታ ደወልሁ፤ ስለ ራሴ ምን እንደምጽፍ እንዲነግሩኝ ለመንኋቸው።

«ተማሪ ሲመሰከርለት የት ይቆማል?» አሉኝ። ድምፃቸው ደክሟል።

«ከደጅ፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ስልኩን ለሴትዮዋ ስጥና ውጣ።»

አማርኛ እንደማታውቅ ነገርኋቸው።

«መመስከር የእኔ ነው። መስማት የእሷ ነው።»

ወጣሁ። በመስተዋቱ በር አያታለሁ፤ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ አንዳች ሳይገባት፣ ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ጊዜ ሳቀች፤ የኔታ ቢስቁ ነው። ከዚያ ዓይኗን ጠረገች። ለምን እንደ ሆነ አላወቅሁም።

ስገባ ስልኩ ተዘግቷል።

«ምንድን ነው ያሉት?» አለችኝ።

«እኔ ከደጅ ነበርሁ።»

ወንበሩን ሳብሁና ጻፍሁ፦ «ያስተማሩኝ ሰው ዛሬ ስለ እኔ ብዙ ተናገሩ፤ ምን እንዳሉ አላውቅም።» ይህን አልሰረዘችውም። የቀረው ከዚያ ተከተለ፤ ማመልከቻውም ሄደ።

የኮሌጁ መልስ ገና አልመጣም። ለየኔታ ደጋግሜ ደውያለሁ፤ ጤናቸውን እንጂ ያን ቀን ስለ እኔ ያሉትን አልጠይቃቸውም፤ ነውር ነው። በደብረ ወርቅ በኩል የምታልፉ ካላችሁ ግን፣ እባካችሁ፣ እናንተ ጠይቁልኝ።