ለመኪናችን ትንፋሽ የሰጡት ጋሽ እንድሪስ

ጠዋት ጎረቤቴ ደውላ «ጋሽ እንድሪስ ሞቱ» አለችኝ። «የትኛው እንድሪስ?» አልኳት። ሐይቅ ከተማ ላይ ስንት እንድሪስ አለ እኮ! ባለሱቁን አሰብኩ፣ ባለባጃጁን አሰብኩ፣ ይቅር ይበለኝና ያሉትን እንድሪሶች ሁሉ በልቤ በየተራ ቀበርኳቸው። የእኛውን ብቻ እንዳትለኝ።

«መካኒኩ ናቸው እንጂ» አለች።

ምነው! ሰኞ ዕለት እኮ በስልክ ስንስቅ ነበር!

ለማታውቋቸው ልንገራችሁ። ጋሽ እንድሪስ ሐይቅ መግቢያ ላይ ጋራዥ ነበራቸው። ጋራዥ ከተባለ ነው፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላና አንድ የብረት ክምር። ጨዋታቸው ግን! እኔም ወሬኛ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ሁለታችን ከተገናኘን ባለቤቴ ደምሴ «በቃ፣ ዛሬ መኪናዋ አትሠራም» ይል ነበር።

መኪናዋ ያልኳችሁ እህልና ሽንኩርት የምናመላልስባት አሮጌዋ የጭነት መኪናችን ናት። ቱርቦ አላት። አየር እየሳበ ሞተሩ ውስጥ በግድ የሚጠቀጥቅ ነገር ነው፤ ጉልበቷ እሱ ነው ይላሉ። በገዛናት ሰሞን ግን የምን ጉልበት! ከምንኖርባት ከውጫሌ ጭነን ወደ ሐይቅ አቀበቱን ስንጀምር ጥቁር ጭስ ብቻ። አንድ ቀን እንጨት የተሸከመች አህያ ቀደመችን። የምትነዳት ሴት ዞር ብላ «ልጎትታችሁ?» አለች። ደምሴ ያን ቀን ራት አልበላም።

ያየ ሁሉ «ሞተሩ አርጅቷል» አለ። ደምሴም ቆረጠና ከደሴ ገዥ አገኘ፤ ቅዳሜ መጥቶ ሊወስዳት። እኔስ? ንግዴ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ያለ እሷ ሱቄን መዝጋት ነበር። «አንድ ጊዜ ብቻ ጋሽ እንድሪስ ይዩዋት» ብዬ ለመንኩት።

ሐሙስ ወሰድናት። ጋሽ እንድሪስ ሞተሩን አልነኩም። «አየር የምትስበው ከየት ነው?» አሉና ከፊት ጎማው አጠገብ አጎንብሰው የአየር ማስገቢያውን አፍ ፈለጉ። እጃቸውን ሰደዱ። ቆሻሻ ያጠቆረው ጨርቅ ይዘው ወጡ።

የኔ የነጠላ ቁራጭ!

ደምሴ አየኝ። እኔ መሬት መሬቱን። «አቧራና ገለባ እንዳይገባባት ብዬ… እንደ እርጎ ቅል አፏን አሰርኩላት» አልኩ።

«ጥሩዬ!» አሉኝ ጋሽ እንድሪስ። «በዚህ ኮረኮንች ላይ? ወላሂ ትንሽ ብትታገሺ ቅቤ ይወጣልሽ ነበር!»

ደምሴ ሊጮህብኝ አፉን ሲከፍት አስቆሙት። «ተው ደምሴ። ሰውም ሞተርም ትንፋሽ ሳያገኝ አይጫንም።»

ይቺ ቃላቸው ናት። ለአዲስ ሙሽራም፣ ልጁን በጥናት ለሚያስጨንቅ አባትም፣ ለሁሉም ይሏት ነበር።

ጨርቁ ወጣ፤ መኪናዋ ግን ብዙም አልተሻላት። ደምሴን ነዳጅ አስረገጡትና ወደ ቱርቦው የሚሄደውን የጎማ ቱቦ አሳዩኝ። ሲስብ ቱቦው እንደሚጠባ ጥጃ ጉንጭ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። «ቱርቦ ሰፊ ጉሮሮ ይፈልጋል» አሉ፤ «ይቺ የምትተነፍሰው በስትሮ ነው።»

ዓርብ ከጁምዓ መልስ፣ ከወዳደቀ ትልቅ መኪና ላይ ሰፋ ያለ የአየር ፊልትሮ ከነቤቱ ፈተው አመጡ። የማይሰረጉድ ወፍራም ቧንቧ በየዱ። የአየሩን አፍ ከጎማው ሥር አንስተው ከጋቢናው ጀርባ ሽቅብ አወጡት፤ አቧራው ከማይደርስበት። ዝናብ እንዳይገባ ደግሞ አፉን ወደ ኋላ አዞሩት። እኔ ካጠገባቸው አልተነሣሁም፤ አፌም አላረፈ።

ሲጨርሱ አስነሷትና እኔን ጭነቱ ቦታ ላይ አውጥተው «መዳፍሽን ወደ አየሩ አፍ አስጠጊ» አሉኝ። ሳስጠጋው ስብ! አደረገኝ። ጮህኩ።

«አየሽ? ትንፋሿ ነው» አሉኝ፣ እንደ አዋላጅ ደስ ብሏቸው።

ቅዳሜ ገዥው ውጫሌ መጣ። ጋሽ እንድሪስም ሥራቸውን ጥለው መጡ። ደምሴ ባዶዋን ሊያሳየው ሲል «ምን ባዶዋን! ሙሉ ጫኑ» አሉ። ማሽላ እስከ አፍ ጫንን። ጋቢና ውስጥ አራት ሆነን ተጣበቅን። አቀበቱ ሲጀምር እኔ «እመብርሃን»፣ እሳቸው «ያ ረቢ»። ገዥው የቱን እንደሚሰማ ግራ ገባው።

ጭስ የለም። ደምሴ ማርሽ ጨመረ፤ አቀበት ላይ እኮ ነው! አንድ ሚኒባስ ቀደምን። ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ ዓይኑን ማመን አቃተው።

ጫፍ ላይ ስንቆም ገዥው «ተስማምተናል፤ እወስዳታለሁ» አለ። ደምሴ መልስ ሳይሰጠው ቁልፉን ነቅዬ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

«የቷን ነው የምትወስደው?» አልኩት።

ደምሴ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሳቀ። ጋሽ እንድሪስማ ወርደው መንገድ ዳር ተቀምጠው ነው የሳቁት።

ዛሬ የቅሬያችን፣ የዕድራችን ሰው፣ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ በእሷው በመኪናችን ላይ ሆነን ከውጫሌ መጣን። ወንዶቹ ከዙሁር ሶላት በኋላ ሸኟቸው። ደምሴ አፈር ሲመልስ እንደ ልጅ አለቀሰ አሉኝ። እኔ ግቢ ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ሆኜ የቅቤዋን ነገር ሳወራ ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ሳቁ። እያለቀሱ ሳቁ። እሰይ አልኩ።

ጋሼ፣ ሱቄ እስከ ዛሬ ክፍት ነው። ልጆቻችንን ያስተማርንባት ያቺው መኪና ናት። ይህን ሁሉ ዘመን ከአንቱ ጋር ያላወራሁት ነገር የለም፤ «አመሰግናለሁ» ብቻ ብዬ አላውቅም። ልል ስል ያስቁኛል፣ ስቄ እረሳዋለሁ። ይኸው ዛሬ አገር እየሰማ አልኩ።

አመሰግናለሁ። ጀነት ይስጥዎ። ደህና ይግቡ፣ ጋሼ።