ከጉብታው ላይ የተጣራችው ልጅ

ልጅ እያለሁ ክፉ ነበርኩ። «ኧረ አንቺ ደግሞ!» እንድትሉኝ ብዬ አይደለም፤ እውነት ነው። ምላሴ የሰላ፣ ሳቄ የሚያስፈራ፣ በክፍላችን ማን ይሰደብ ማን ይተው የምወስነው እኔ ነበርኩ።

ያደግኩባትን ከተማ፣ ከወልድያ በታች ያለችውን ሐራን፣ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ ሜዳ ነው። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ፣ ከማሽላው ማዶ አንዲት ጉብታ ነበረች፤ እኛ ግን «ተራራችን» እንላት ነበር። አራተኛ ክፍል ሳለን መምህራችን ስለ መሬት አቀማመጥ ሊያስተምሩን አሰልፈው ወሰዱን። በጥንቅሽ የተጣበቀ እጃችንን በቀሚሳችን እየጠረግን፣ የሞቀ አቧራ እየሸተተን ወጣን። ጫፏ ላይ ስንደርስ መምህራችን በዚህ ሜዳ ከዚህ የሚበልጥ ከፍታ የለም ሲሉን፣ እኛው የከመርናት ይመስል ደረታችንን ነፋን።

አለምነሽ ሳቀች። ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጣች ልጅ ናት። አክስቷ ላስተምራት ብላ አምጥታ፣ ከትምህርት መልስ ሕፃን ልጇን ታሳዝላት ነበር። እናቷን ካየች ዓመት አልፏታል። «ይቺማ የኛን አውድማ አታህልም» አለች፣ ያለ ምንም ክፋት። እኔ ግን እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ተመለስኩ።

በነሱ አገር ሰው ከጋራ ወደ ጋራ እንደሚጣራ ያጫወተችን እሷው ነበረች። ማዶ ያለው ይሰማል፣ መልእክቱን ለቀጣዩ ጋራ ያቀብላል፣ መልሱም በዚያው መንገድ ይመጣል። እኔም በማግስቱ፣ ከጉብታችን ጫፍ የተጣራ ሰው ድምፁ ደጋ ድረስ ይሰማል ብዬ ማልኩላት። አባቴ ስንት ጊዜ አድርጎታል ብዬም ጨመርኩ። አመነችኝ።

ከትምህርት ስንለቀቅ እየሮጠች ወጣች። እኔና ሁለት ጓደኞቼ በወዲያኛው በኩል ዞረን ቁልቋል ሥር ተደበቅን። እጇን ጆሮዋ ላይ አድርጋ «እማዬ ሆይ! ነይና ውሰጂኝ!» እያለች ተጣራች። ሦስቴ ዝም አልናት። በአራተኛው ድምፄን አወፍሬ፣ የደገኛ ቅላጼ አስመስዬ «አለምነሽ ሆይ! በገበያ ቀን እመጣለሁ!» አልኩ። እሷ እየዘለለች ስትወርድ እኛ አፋችንን በነጠላ አፍነን በሳቅ ሞትን። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

በገበያው ቀን ልብሷን በፌስታል ይዛ፣ ደገኞቹ በሚገቡበት በኩል ከጠዋት ጀምራ ቆመች። ድንች የጫነ አህያ ባለፈ ቁጥር ከኋላው የምትነዳዋን ሴት ፊት ታያለች። እኛ ቆሎ እየቆረጠምን ከማዶ እናያት ነበር። ገበያው ሲበተን አክስቷ መጣችና፣ ሕፃኑን ለማን ጥለሽ ነው እያለች እየገረፈች ወሰደቻት።

ሰኞ በእረፍት ሰዓት ወደ እኔ መጣች። ልትሰድበኝ መስሎኝ ምላሴን አዘጋጀሁ።

«አንቺ እንደሆንሽ አውቄያለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ። «ግን ድምፅሽ ቁርጥ የእናቴን ነው። እስቲ አንዴ ጥሪኝ።»

ይህንንም ለክፍሉ ሁሉ አወራሁባት። «እስቲ ጥሪኝ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላትና፣ በዓመቱ ከሐራ እስክትሄድ ድረስ ሁሉም በዚያ ስም ሲሰድባት ከረመ። ወዴት እንደወሰዷት አላውቅም።

ዛሬ ወልድያ ሱቅ አለኝ። ሐራ ስሄድ ጉብታዋን ከባጃጅ ላይ አያታለሁ፤ እውነትም ትንሽ ናት። የደጋውም ሰው ስልክ ይዟል፣ ጋራ ላይ ወጥቶ የሚጣራ ብዙ የለም። ልጄ ከምትማርበት ከተማ በየቀኑ ትደውልልኛለች፤ ካልደወለች እህል አይወርድልኝም። ይህን ታሪክ ግን ለዓመታት እንደ ቀልድ ሳወራው ኖሬያለሁ፣ ሰውም ይስቅልኛል። ባለፈው ለእረፍት ስትመጣ ለልጄም አወራሁላት። አልሳቀችም።

«ታዲያ ጠራሻት?» አለችኝ።

«አልጠራኋትም» አልኳት። ዕቃ የምደረድር መስዬ ጀርባዬን ሰጠኋት፤ አፍሬ።